ሰማንያ ከተቀደደ በኋላ ለልጁ ሕክምና ማን ይፈርማል?

በቀየት ለአካባቢው ሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



የማነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ አንዲት ፊርማ ናት። ያቺ ፊርማ ስትጠፋ ግን ልጅ ሳይታከም ይቀራል። እንዴት እንደሚቀር ለማየት አንዲት እናት እናስብ። ስም አልሰጣትም፤ ታሪኩም የማንም አይደለም፤ ይሁንና እዚህ የተቀመጥን ሁሉ የምናውቀው ዓይነት ነው። ከባሏ ጋር ሰማንያ ከቀደዱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ልጃቸው ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከእሷ ጋር ይኖራል፣ ለበዓል አባቱ ዘንድ ይሄዳል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ሌሊት እየጮኸ ይነሣል። ድሮ የተወውን መኝታ ላይ መሽናት እንደገና ጀምሯል። በጎቹን ነድቶ ይወጣና ማታ ባዶውን ይመለሳል፤ የት ተዋቸው ሲባል አይመልስም። መምህሩ እናቱን አስጠርቶ ይነግራታል፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይልካታል። ተበድራ፣ በሌሊት ተነሥታ፣ የጣርማ በርን ጉም አልፋ ከተማ ትገባለች። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ወረቀቱን ያይና "አባቱስ ተስማምቷል?" ይላታል። ትደውላለች። አባትየው "ልጄን እብድ ልታስብይው ነው?" ብሎ ይዘጋባታል።

ይህ ሠራተኛ ክፉ ሰው አይደለም። ነገ አባትየው መጥቶ ቢከሰኝስ ብሎ ፈርቷል። አባትየውም ልጁን የሚጠላ አይደለም፤ ወደ እሱ ፍርሃት በኋላ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ሕጉን እንይ።

ከሁሉ የሚቀድመው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ያረቀቀው ሬኔ ዳቪድ የተባለ የፈረንሳይ የሕግ ሊቅ ነበር። የዚህ ሕግ አንቀጽ 20 ማንም ሰው በማንኛውም ጊዜ የሐኪም ምርመራንም ሆነ ሕክምናን እንቢ የማለት መብት አለው ይላል። ቀጥሎ ግን አካለ መጠን ላላደረሰ ልጅ ልዩ መንገድ ያበጃል፤ ልጁ በሥልጣኑ ሥር የሚገኝ ሰው፣ ለልጁ ጤና ለሚጠቅም ምርመራና ሕክምና ልጁን ማቅረብ ይችላል ይላል። ይህን አንቀጽ ደጋግሜ ባነበብኩት ቁጥር አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ሕጉ ለአሳዳሪ የሰጠው ልጁን የማሳከም ሥልጣን ነው። ልጁ የሚጠቅመውን ሕክምና እንዳያገኝ የመከልከል ሥልጣን በዚያ አንቀጽ ውስጥ አልተጻፈም። ሥልጣኑም ገደብ አለው፤ ሕክምናው የሚጠቅም መሆን አለበት። የቤተሰብ ሕጉ ደግሞ አሳዳሪ የልጁን ጤና እንዲጠብቅ፣ ሲታመምም ለመዳኑ የሚያስፈልገውን እንዲያደርግ ያዘዋል። እንግዲህ ፈቃድ የምንለው ነገር ሥረ መሠረቱ ግዴታ ነው ማለት ነው። ግዴታውን የሚወጣ ሰው ፊርማውን ያኖራል፤ ግዴታውን የማይወጣ ሰው ግን ፊርማውን እንደ መያዣ ይዞ ሊደራደርበት አይገባም።

የቀድሞው ሕግ ፍቺን ለቤተ ዘመድ ዳኞች ሰጥቶ ነበር። የልጆቹንም ነገር እነሱው ይወስኑ ነበር፤ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር ይሁን የሚል ድንጋጌም ነበረው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ዐዋጅ ቁጥር 213፣ ፍቺን የፍርድ ቤት ሥራ አደረገው። ያ ዐዋጅ በቀጥታ የሚሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። እኛ የምንተዳደረው የአማራ ክልል በ1995 ባወጣው በራሱ የቤተሰብ ሕግ፣ በዐዋጅ ቁጥር 79 ነው፤ አካሄዱ ግን የሚቀራረብ ነው። ፍርድ ቤት ፍቺውን ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ትምህርታቸው፣ ጤናቸውና ቀለባቸው እንዴት እንደሚሆን፣ ከሌላው ወላጅ ጋርም እንዴት እንደሚገናኙ አብሮ ይወስናል። ይህን ሲወስን የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ያያል።

ጤና የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ አለ፤ ፍርዱ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳል። ሽማግሌ ተቀምጦ የፍቺ ስምምነት ሲያስጽፍ ታውቃላችሁ። በጎቹ ይቆጠራሉ፣ የገብሱ ማሳ ይለካል፣ በሬው ለማን እንደሚደርስ ይነገራል፣ ቀለቡ በብር ይቆረጣል። ስለ ልጁ ጤና "ወላጆቹ ይተባበራሉ" የሚል ሐረግ ከገባ ትልቅ ነገር ነው። ባይተባበሩስ? ቢተባበሩማ ኖሮ መቼ ይፋቱ ነበር!

በዚህ ክፍተት ሁለት የተሳሳተ እምነት ይኖራል። ልጁ የሚኖረው ከእሷ ጋር ስለሆነ አባቱ አያገባውም የምትል እናት አለች፤ ተሳስታለች። ፍቺ ባልና ሚስትን ይለያያል እንጂ ወላጅነትን አያፈርስም፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ቀለብ የምከፍለው እኔ ነኝ፣ ያለ እኔ ፊርማ መርፌ እንኳ አይወጋም የሚል አባትም አለ፤ እሱም ተሳስቷል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ሆነ የቤተሰብ ሕጉ የሁለት ወላጅ ፊርማ ካልተገኘ ልጅ አይታከም አይልም። ቀለብ የልጁ መብት ነው፤ በሕክምናው ላይ የመወሰኛ ድምፅ መግዣ ሊሆን አይችልም።

ጉዳዩ እስከ ላይ ቢሄድ የት እንደሚቆም የሚያሳይ አንድ ፍርድ አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በጥቅምት 2000 በመዝገብ ቁጥር 23632 የወሰነው ነው። ክርክሩ ስለ ሕክምና አልነበረም። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገች አክስትና የልጁ አባት ተከራከሩ። የሥር ፍርድ ቤቶች አንደኛው ወላጅ ሲሞት ሞግዚትነቱ በሕይወት ላለው ነው የሚለውን ድንጋጌ ይዘው ለአባት ወሰኑ። ሰበር ሻረው። ሕገ መንግሥቱንና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ጠቅሶ፣ የልጁ ደህንነት ከሁሉ በፊት መታሰብ አለበት አለ። በዐዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት ሰበር የሰጠው የሕግ ትርጉም በክልልም ላለ ፍርድ ቤት አስገዳጅ ነበር፤ በኋላ የወጣው ዐዋጅም ይህን አልለወጠም። የወላጅን ሞግዚትነት ያህል ከባድ መብት በልጁ ደህንነት ፊት ከተረታ፣ የአንድ ወላጅ "አልፈርምም" ማለት ምን ያህል እንደሚቆም አስቡት። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ በልጅ አእምሮ ሕክምና ላይ የተሰጠ የሰበር ፍርድ ይዤ አይደለም የምናገረው። ግን መንገዱ ወዴት እንደሚያመራ ግልጽ ይመስለኛል።

ወደዚያ አባት ፍርሃት ልመለስ። ሕጉን ሁላችን ብናውቀው እንኳ ችግሩ አይፈታም፤ ሥሩ ያለው እዚህ ነውና።

በመንዝ፣ በግሼ፣ በመርሐቤቴ ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይቆጠራል። ከእነ ማን ነው፣ ምን በሽታ አለባቸው፣ ይባላል። በቤቱ አእምሮው የታወከ ሰው ነበረ ከተባለ ታናናሾቹ ሳይቀሩ ይታለፋሉ። አባትየው ስልኩን የዘጋው ይህን እያሰበ ነው። ልጁ የሆስፒታል ካርድ ካወጣ ስሙ የሚጠፋ ይመስለዋል። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ገደማ የተቋቋመ ነው፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። ከዚህ የተነሣ "አማኑኤል ገባ" ማለት በሰው አፍ ስድብ ሆነ። ብዙ ሰው የሚታየው ሰንሰለትና ጩኸት ነው፤ ከአንዲት ነርስ ጋር በወር አንድ ቀን ቁጭ ብሎ የሚያወራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ አይታየውም።

ደግሞ ሌላ ፍርሃት አለ፤ ጮክ ተብሎ የማይነገር። እናትየው የሐኪሙን ወረቀት ይዛ ፍርድ ቤት ብትሄድስ? "ከአባቱ ጋር ካደረ በኋላ ነው የሚባንነው" ብትልስ? በበዓል ማየቴን ብትከለክለኝስ? እናቲቱም የራሷ ሥጋት አላት፤ "ልጁን ያሳበደችው እሷ ናት፣ ለእኔ ይሰጠኝ" ይለኛል ብላ ትሰጋለች። በዚህ ሁሉ መካከል የልጁ ሕመም ማስረጃ ይሆንና ሕመም መሆኑ ይረሳል። ስለዚህ ባለሙያዎቻችንን አደራ የምለው አንድ ነገር ነው። ልጁን የምታክሙ ከሆነ አክሙ፤ ማን ያሳድገው በሚለው ክርክር ውስጥ አትግቡ። ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት ከፈለገ ልጁን ከማያክም ሌላ ባለሙያ ይጠይቅ። ሕክምናው ከክርክሩ የሚለይ መሆኑን ሁለቱም ወላጆች ከመጀመሪያው ቀን ቢሰሙ፣ ከሚዘጋው ስልክ ግማሹ አይዘጋም እላለሁ።

ለመሆኑ የልጅ የአእምሮ ሕመም ያን ያህል ብርቅ ነው? አይደለም። በአምቦ አካባቢ ተደርጎ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ወላጆችን በመጠይቅ ጠይቆ ከመቶ ወደ 18 የሚጠጉ ልጆች የጠባይ ወይም የስሜት ችግር ምልክት እንዳለባቸው አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ የታተመው የቡታጅራ ጥናት ሕመሙን በጠበቀ መመዘኛ ለይቶ ቁጥሩን ከመቶ 4 በታች አደረገው። አንዱ ምልክት ይቆጥራል፤ ሌላው በሽታ። ትንሹን ቁጥር እንኳ ብንይዝ፣ መቶ ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት ሦስት አራት ልጅ ይኖራል ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሰሜን ሸዋ ሲደርስ ያየነውን ያዩ ልጆችስ? ያንን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ካህናት አባቶቻችን ስላላችሁ የጠበሉን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ልጅ ሲባንን የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሐሳብ ጠበል ነው፤ ጻድቃኔ ማርያም፣ ሸንኮራ ዮሐንስ። ከተፋቱ ወላጆች አንዱ ጠበል፣ አንዱ ሆስፒታል ሲል ደግሞ ጠቡ ሃይማኖትን ይለብሳል። አስተውላችሁ ከሆነ ለጠበል ማንም ፊርማ አይጠይቅም፤ ልጁን ይዞ የሄደ ሁሉ ያስጠምቃል። ፊርማው የሚፈለገው ሆስፒታል ሲሆን ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ ሌላው ወላጅ ሕክምናውን ማገድ ይቀለዋል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲይዙ በይፋ ተናግረው ነበር። ያ ቃል የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፈ ይመስለኛል። የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅም፣ ለጨነቀው ልጅም ያው መንገድ ይሠራል። ለሁለቱ ወላጆች የንስሐ አባት ሆናችሁ የምታገለግሉ ካህናት፣ "ጠበሉም ይቀጥል፣ ኪኒኑም አይቋረጥ" ብትሉ ከዳኛ ፍርድ ይልቅ የሚሰማው እሱ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ፈታው? በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሲፋቱ ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጁ የመወሰን ሥልጣንን ለሁለቱም በጋራ ይሰጣል፤ ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች የፍርዱን ግልባጭ ሳያዩ የልጅ ሕክምና አይጀምሩም። ጥንቃቄ ነው፤ ሆኖም እንቢ ለሚል ወላጅ ጉልበት ይሰጣል። በእንግሊዝ የወላጅነት ኃላፊነት ካላቸው ከሁለቱ የአንዱ ፈቃድ ለተለመደ ሕክምና ይበቃል፤ ዕድሜው 16 የሞላው ልጅ ደግሞ ከ1969 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህ ለሕክምናው ራሱ መፍቀድ ይችላል።

እኔን ከሁሉ ያሳሰበኝ የስፔን ነው። እዚያ የልጅ የሥነ ልቦና ሕክምና የሁለቱን ወላጆች ስምምነት ይጠይቅ ነበር። ሚስቱን የሚደበድብ ባል፣ ድብደባውን ያየው ልጅ ስለዚያው እንዳይናገር "አልስማማም" ማለት ይበቃው ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ሕጉን አሻሻሉት። አንደኛው ወላጅ በሌላው ወላጅ ወይም በልጆቹ ላይ በፈጸመው ጥቃት ክስ ከተከፈተበት ወይም ከተፈረደበት፣ ለልጁ የሥነ ልቦና እርዳታ የሌላው ወላጅ ፈቃድ ብቻ ይበቃል፤ ለተከሰሰው ወላጅ አስቀድሞ ይነገረዋል እንጂ አይጠየቅም። በእኛም አገር ስንት ሴት ከዱላ ሸሽታ ነው የተፋታችው? ያቺን ሴት ሂጂና የመቺሽን ፈቃድ ይዘሽ ነይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ወንድማችን ቢያስበው ደስ ይለኛል። የክልላችን ምክር ቤት አንድ ቀን የቤተሰብ ሕጉን ሲያሻሽል ይህችን የስፔን አንቀጽ እንዲመለከታት እመኛለሁ።

ሕጉ እስኪሻሻል ምን እናድርግ? ሁሉም ሕክምና አንድ ክብደት የለውም። ራሱን ለመጉዳት የሞከረ ወይም ራሱን ስቶ የወደቀ ልጅ ሲመጣ የማንም ፊርማ አይጠበቅም፤ ይታከማል፣ ወላጅ በኋላ ይነገረዋል። ለምርመራ፣ ለንግግር ሕክምና፣ ለምክር ልጁ አብሮት የሚኖረው ወላጅ ፊርማ ሊበቃ ይገባል፤ ሌላው ወላጅ ዜናውን የማግኘት፣ ሐኪሙን የመጠየቅ መብቱ ሳይነካ። ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒትና አልጋ ይዞ መተኛት ሲመጣ ግን ሁለቱንም መጥራት ተገቢ ነው። አንዱ ወላጅ ቤት ሲያድር ኪኒኑ ከተቋረጠ ሕክምናው አይሆንምና፣ እዚህ ላይ ስምምነቱ ከሕግ ይልቅ ለልጁ መዳን ያስፈልጋል። እንቢ ያለው ወላጅ እንቢታው በእውነት ለልጁ ከሆነ ፍርድ ቤት ሄዶ ያስረዳ። አመልካች የመሆን ሸክሙ ሕክምናውን በሚያስቆመው ላይ ይሁን፤ አሁን ግን ሸክሙን የተሸከመችው ልጁን አዝላ ከተማ የወጣችው ናት።

ሽማግሌዎቻችን ደግሞ የሚቀጥለውን የፍቺ ስምምነት ስታስጽፉ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጨምሩ፦ ልጁ ሲታመም፣ የአእምሮ ሕመምም ቢሆን፣ አብሮት የሚኖረው ወላጅ ያሳክማል፣ ለሌላውም ወዲያው ያሳውቃል። ስምምነቱን ፍርድ ቤት ካጸደቀው የፍርድ ያህል ነው፤ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛም የሚያየው ወረቀት ያገኛል። ስምምነቱን ከጻፋችሁ አይቀር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅኑን ደብተርም አትርሱት። አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ ደብተሩ በአባት ስም ወጥቶ፣ ልጁ ከእናቱ ጋር ሲሄድ ደብተሩ አባት ቤት ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ፊርማው ተገኝቶ እንኳ ብዙ እናት የምትመለሰው በዚህ ነው። የእናቲቱ አዲስ ደብተር ሲወጣ ልጁ እንዲመዘገብበት ቀበሌውን ጠይቁ።

ልጁንስ ማን ጠየቀው? ኮንቬንሽኑ በአንቀጽ 12 የራሱን ሐሳብ መግለጽ የሚችል ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሁሉ እንዲደመጥ፣ ቃሉም እንደ ዕድሜውና ብስለቱ እንዲመዘን ያዝዛል። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ "እናቴም አባቴም በሌሉበት ከነርሷ ጋር ማውራት እፈልጋለሁ" ካለ፣ ለእኔ ይህ ከሁለቱ ፊርማ የማያንስ ክብደት አለው። በእኛ ባህል ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አይናገርም፤ ጨዋ ልጅ ተብሎም ይመሰገናል። ያ ጨዋነት በሐኪም ክፍል ውስጥ ጉዳት እንደሚሆን የምታውቁት መምህራን ናችሁ፤ ልጁ ዝም ማለቱን መጀመሪያ የምታዩት እናንተ ናችሁና።

ከመምጣቴ በፊት በጽሑፍ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን መልሼ ልቀመጥ። ጠያቂዋ አያት ናቸው። ልጃቸው ከባሏ ተፋትታ ዐረብ አገር ሄዳለች፣ አባትየው የት እንዳለ አይታወቅም፣ የልጅ ልጃቸው ታሟል፤ ማን ይፈርም ይላሉ። እናቲቱ ባለችበት አገር ወዳለ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዳ ልጁን እርስዎ እንዲያሳክሙ ውክልና ብትሰጥ፣ ያ ወረቀት አገር ቤት ተረጋግጦ ይሠራል። አሠሪዋ ከቤት የማታስወጣት ከሆነች ደግሞ፣ እመቤቴ፣ የልጁን የልደት ካርድ ካለ፣ የጤና ጣቢያውን ደብዳቤ፣ ልጁ ከእርስዎ ጋር እንደሚኖር የሚያውቁ ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ይዘው ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ይሂዱ፤ ሞግዚትና አሳዳሪ ሆነው እንዲሾሙ ያመልክቱ። ማመልከቻ ጸሐፊ መክፈል ካቃተዎት የወረዳውን የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ሹመቱ እስኪመጣ ልጁን ቤት አያቆዩት፤ ጤና ጣቢያው መጀመር የሚችለውን ይጀምርለት።